በገብርኤል ዕለት የተከፈለው መብራት

ይድረስ ለተከበሩ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የቀኝ ዓይንዎ ጠብታውን ከጀመሩ ወዲህ ለውጥ አለው? ደም ግፊቱስ? ጨው ቀንሰዋል ወይስ ቀንሻለሁ እያሉ ነው? እኔ ወገቤን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ሮም ዝናብ ነው። የምጦራቸው ሲኞራም ደህና ናቸው፤ በዘጠና አንድ ዓመታቸው ዛሬም ሾርባው ጨው አነሰው እያሉ ይቆጡኛል። እርስዎና እሳቸው ብትገናኙ ያለ አስተርጓሚ ትግባቡ ነበር።

ደብዳቤ የጻፍኩት ስልክ አጥቼ አይደለም። ስልኩን የሚይዝልዎት ኣብሰሎም ስለሆነ ነው። ደብዳቤውንም የሚያነብልዎት እሱው መሆኑን አልረሳሁም፤ እንዲያውም አስቤበታለሁ። ይህን ወረቀት ያመጣልዎት ዘርኣይ አዲስ አበባ ያደገ፣ እዚህ ጎረቤቴ የሆነ ጨዋ ሰው ነው። ከማሸጌ በፊት ሁሉንም አስነብቤዋለሁ፤ ተነብቦ እስኪያልቅም ከወንበሩ እንዳይነሳ ለምኜዋለሁ። ስለዚህ ኣብሰሎም ወንድሜ፣ አንድ መስመር ብትዘል ዘርኣይ ያርምሃል። ጉሮሮህን ጥረግና ቀጥል።

እናቴ፣ ነገሩ የተጀመረው በስጦታ ነው። የሲኞራ ልጅ፣ እኛ ዶቶሬ የምንለው፣ ለናታሌ፣ ማለት ለእነሱ ገና፣ በየዓመቱ አንድ ትልቅ ጣፋጭ ዳቦ ይሰጠኝ ነበር። ዘንድሮ ደግነቱ ጨመረና የሦስት መቶ ዩሮ የሽቶ ቤት የስጦታ ካርድ ሰጠኝ። መታወቂያ የምታክል ፕላስቲክ ናት፤ ፊቷ ላይ ቀይ ጥብጣብ ተስሎባታል፤ ጀርባዋ ላይ ሲፋቅ ቁጥር የሚወጣበት ቦታ አለ። ገንዘቡ ማለት ያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ያየ ሰው ካርዷን ኪሱ እንደከተተ ይቆጠራል። አሁን እንዲህ አሳምሬ አስረዳዎታለሁ፤ ያኔ ግን አልገባኝም ነበር።

እኔ ደግሞ የመብራት ቦሌታ፣ ማለት የሒሳብ ወረቀት፣ ውዝፍ ነበረብኝ። ለዓይንዎ ሕክምና የላክሁ ጊዜ ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ ውለታ ለመቁጠር አላነሳሁትም፤ ኣብሰሎም ጮክ ብሎ እንዲያነበው ያህል ነው። አብራኝ የምትኖረው ፍናን፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ቅመም ሻጭ ዘንድ የምትሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ መላውን ነገረችኝ። በኢንተርኔት ክፍያ የሚፈጽም አገልግሎት አለ፤ የካርዱን ቁጥር ይቀበልና በስምሽ ሒሳብ ያደርገዋል፤ ከዚያ ቦሌታውን ይከፍልልሻል አለችኝ። በሽቶ መግዣ መብራት መክፈል እንደሚቻል በዕድሜዬ ካነበብኩት መጽሐፍ በአንዱም አልተጻፈም። በሳንቲም ፋቀችልኝ፤ በስልኬ ሒሳብ ከፈተችልኝ፤ ቁጥሩን መክተት ብቻ ቀረ። አሁኑኑ እንጨርሰው አለች። ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።

ለምን እንዳልኩ እርስዎ ያውቃሉ፤ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት። በቤታችን የተሰጠን ነገር ለእርስዎ ታይቶ ሳይመረቅ አይነካም። ልጅ ሆኜ ሰው ከረሜላ ሲሰጠኝ በመዳፌ ጨብጬ እቤት ድረስ እሮጥ ነበር፤ ስደርስ ቀልጦ፣ የሚመረቀው መዳፌ ይሆናል። ዛሬ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አልተሻሻልኩም። ካርዷን በፊትም በኋላም ፎቶ አንስቼ ለኣብሰሎም ላክሁና፣ ለእናታችን አሳይልኝ፣ ይመርቁልኝ ብዬ ጻፍኩለት። የኋላዋን የላክሁት የገንዘቡ መጠን የተጻፈው እዚያ ስለሆነ ነው። ፍናን በትከሻዬ በኩል አይታ፣ እትዬ፣ ቁጥሩን ሸፍኚው እንጂ አለችኝ። ወንድሜ እኮ ነው አልኳት።

ምርቃቱ አራት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን ማታ የኣብሰሎም መልእክት መጣ፤ መርቀውልሻል፣ አሜን በዪ ይላል። አሜን ብዬ ቁጥሩን ከተትኩ። አገልግሎቱ በቀይ ጽሑፍ ካርዱ ባዶ ነው አለኝ። ዶቶሬው ካርዱን ከገዛበት ቦታ ቢያስጠይቅልኝ፣ ዲሴምብሬ ሃያ ስምንት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሙሉ ተከፍሎበታል የሚል መልስ መጣ። በዚያ ሰዓት እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ካርዷ ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ፍናን ካቶሊክ ናት፤ የእኛን በዓል ስለማታከብር ቤት ውላለች።

እናቴ፣ ለሲኞራ ሲመሽ የወንጀል ልብ ወለድ ጮክ ብዬ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ስድሳ ያህል ጨርሰናል። በስድሳውም ቤት የዋለው ሰው ንጹሕ ነው። ይህን እያወቅሁ ልጅቷን አቁሜ፣ «ከእኔና ከአንቺ በቀር ካርዱን ያየ የለም» አልኳት።

አልጮኸችም። «እትዬ፣ ወንድምሽም አይቷል» አለችኝ።

«ወንድሜን በአፍሽ እንዳታነሺ» አልኳት።

በዚያው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ቲቡርቲና አካባቢ ጓደኛዋ ዘንድ ገባች። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ከሥሩ ፖስታ ትታልኛለች፤ የመብራቱ ግማሽ ድርሻዋ ነው። እኔ ግን በዚህ አላበቃሁም። የሲኞራ እህት የምትጦራቸው ሰው ይፈልጉ ስለነበር ፍናንን ያጨኋት እኔ ነበርኩ፤ ኮንትራቶው ፊርማ ብቻ ነበር የቀረው። ለዶቶሬው ደወልኩና ሌባ ናት፣ አትቅጠሯት አልኩት። የቅመም ሻጩ ሥራ ወረቀት የለውም፤ ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ደግሞ በመጋቢት ያበቃል፤ ያለ ኮንትራቶ አይታደስላትም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የደወልኩት።

ፖስታዋን መንካት ኩራቴ አልፈቀደምና መብራት ኩባንያው የራሱን እርምጃ ወሰደ። እዚህ አገር ወዲያው አይቆርጡም፤ ይቀንሱታል። ውሃ ካፈላሁ አምፖሉ ይጠፋል፣ ብርሃን ካሻኝ ሻይ የለም። በዚያ ጨለማ ተቀምጬ ሌባዋን ስረግም ሰነበትኩ።

ከዚያ ለጥምቀት ደወልኩልዎት። ደስ ብሎዎት ነበር። «ኣብሰሎም ይባረክ፤ የስምንት ወር መብራትና ውሃ በገብርኤል ዕለት ባንድ ጊዜ ከፈለልኝ፤ ከገዛ ኪሱ። አንድ ቦሌ ያለ ልጅ ነው አሉ በኢንተርኔት የከፈለለት» አሉኝ። እኔም ይባረክ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ኩሽና ስገባ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ የእኛም የእነሱም ቀን የሰፈረበት ነው። ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል። ከሥሩ በትንሹ፣ 28። ቀደም ሲል ዶቶሬው በእሱ ቀን፣ አሁን ደግሞ እርስዎ በእርስዎ ቀን የነገራችሁኝ ነገር በአንዲት ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጧል። እኔም ቀኑን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አክብሬዋለሁ።

ለኣብሰሎም ስደውል መጀመሪያ ኔትወርክ የለም አለኝ፤ ኔትወርክ የለም የሚለው ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ቀጥሎ፣ ለእናታችን እኮ ነው አለኝ። የቦሌው ልጅ ከውጭ የመጣ ቁጥር እየተቀበለ የሰው ቤት ሒሳብ የሚከፍል ነው፤ ለድካሙ ሲሶውን ወስዷል። በመጨረሻ ኣብሰሎም ምን እንዳለኝ ያነብልዎታል፦ «አንቺ እኮ ሮም ነሽ»።

አዎ፣ ሮም ነኝ። የሰው እናት አጥባለሁ፣ አነሳለሁ፣ አስተኛለሁ፣ ከዚያ ወደ ኤስኲሊኖ ቤቴ ተመልሼ በጨለማ እራት እበላለሁ። ብትጠይቀኝ ኖሮ ካርዷን በሙሉ እልክልህ ነበር፤ ያለ ቦሌው ልጅ፣ ያለ ሲሶ። ምርቃቴን አዘግይተህ ቁጥሬን ሸጥክ፤ ሸጠህ ስታበቃ አሜን በዪ አልከኝ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ አሜን ነው። ብዙ ዓይነት ሌባ አንብቤያለሁ፤ የተሰረቀውን ሰው አሜን የሚያሰኝ ግን በስድሳው መጽሐፍ አልገጠመኝም።

እርስዎ አይዘኑ። መብራትዎንም ሐራም ነው ብለው እንዳያጠፉት፤ ይብራ፣ የልጅዎ ነው። በኣብሰሎም ብቻ ነው የተቆጣሁት ብዬ ብጽፍም እሱ ሌባ፣ እኔ ውሸታም እንሆናለን። እሱ ቁጥር ወሰደ፤ ልጅቷን ከቤት ያስወጣሁት፣ ስሟን ለባዕድ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሕግዎ የተሰጠንን አሳዩኝ ይላል እንጂ መላ ያሳየችሽን ልጅ አባርሪ አይልም።

ቲቡርቲና ድረስ ሄጄ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። ይቅር ብያለሁ እትዬ፣ ግን ይቅርታዬ ኮንትራቶ አይሆነኝም አለችኝ። የፖስታዋንም ብር እንድወስድ አስማለችኝ፤ አሁን ይህን የምጽፍበት አምፖል በእሷ ግማሽና በእኔ ግማሽ ነው የሚበራው። ወደ ዶቶሬው ሄድኩ። አልተቆጣም፤ እንዲህ ብቻ አለኝ፦ «አሎራ፣ ያኔ ሌባ ናት አልሽኝ፤ ዛሬ ንጹሕ ናት ትይኛለሽ። የትኛዋን ልቅጠር?» የወሰደው ሰው ራሱ ቢነግረኝ አምናለሁ፤ ቦታውን እስከ የካቲት ሃያ አንድ እጠብቃለሁ አለኝ።

ስለዚህ ኣብሰሎም፣ አሁን የምታነበው ለአንተ ነው። ዘርኣይ ኪስ ውስጥ ሁለት ስልክ ቁጥር አለ። የመጀመሪያው የዶቶሬው ነው፤ እንግሊዝኛ ይችላል፣ አንተም እንግሊዝኛ አስተማሪ ነህ። ቁጥሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ፍናን አይደለችም በለው። ከዚህ የረዘመ አይፈለግም፤ ለእናታችን እኮ ነው የሚለውን ተውለት። ገንዘብ እንዳትልክልኝ። እናታችን አጠገብህ ተቀምጠው እየሰሙ ትደውላለህ፤ ዘርኣይም ቁጥሩን ኪሱ የሚመልሰው ከተደወለ በኋላ ነው።

እናቴ፣ ነገ ጾም ይገባል፤ እኔም ከዚህ በላይ ሳልናገር ልዝጋው። ዘርኣይን ምሳ ሳያበሉ አይስደዱት። ለምራትዎ ለብስራት፣ አሁን ለሰማችው ሁሉ ጥፋት እንደሌለባት ይንገሩልኝ፤ ሰላም ብያታለሁ። የልጅ ልጅዎን ማርቲን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የጠየቀችኝ የቀለም እርሳስ ዘርኣይ ሻንጣ ውስጥ አለ፤ ለእርስዎ ሳታሳይ ብትስልበትም አልቀየምም። ለጎረቤታችን ለእትዬ ጣይቱ፣ የሻሽ ክሩን አልረሳሁም ይበሉልኝ።

ለኣብሰሎም የሚገባውን ሰላምታ ፍናን ዘንድ አስቀምጬለታለሁ። ሁለተኛው ቁጥር የእሷ ነው፤ ደውሎ ይውሰድ።

ልጅዎ ለተንኪኤል

ሮም፣ ኤስኲሊኖ
የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.