ቻርጀሩ እውነትም መጣ

ደሬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ስንት ጊዜ ሆነ ብዬ ልጀምር ብል እሱም አስቸገረኝ። ለእናትህና ለወንድምህ አምስት ወር ሊሞላህ ነው። ለኔ ግን ገና ሁለት ወር ከምናምን ነው። መሃል ያለውን ጊዜ እኔ በሕይወት አኑሬህ ነበር፣ እየተቆጣሁህ፣ እየጠበቅኩህ። እነሱ በቆጂ ቀብረውህ ሲመለሱ እኔ አሰላ አራስ ቤት ተኝቼ "ይሄ ሰውዬ ለአንድ ቻርጀር ብሎ ልጁን ሳያያት" እያልኩ እሰድብህ ነበር።

ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ደብዳቤ ስትጽፍ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ፣ አጻጻፌ ቢያስቅህ ሳቅ። ድምፅ ቀድቼ እንዳላስቀምጥልህ ደሞ በስልክ የተቀዳ ድምፅ ካንተ በኋላ አስጠላኝ። ለምን እንዳስጠላኝ አንተው ታውቃለህ፣ ግን እነግርሃለሁ።

አዲስ አበባ ስትሄድ ሆዴ ስምንት ወር ገብቶ ነበር። ኢተያ ሰው የምታመላልስባትን የኤሌክትሪክ መኪና ግቢ አቁመህ፣ ቻርጀር ላመጣ ነው አልከኝ። መብራት ሲኖር መኪናዋን የሚሞላ፣ መብራት ሲጠፋ ደሞ ከመኪናዋ ባትሪ መልሶ ቤቱን የሚያበራ ነው አልከኝ። መኪና ቤት ሲያበራ የት ታይቷል ብዬ ሳቅኩብህ፣ አንተ ደሞ "አንቺ ብቻ ግድግዳውን አዘጋጂ፣ ጫጩቶችሽ ከእንግዲህ በብርድ አይሞቱም" አልክ። እግርህ አብጦ ነበር እኮ ደሬ! ፔዳል መርገጥ ነው አልከኝ፣ አመንኩህ። ልብህን ልትታከም እየሄድክ እንደሆነ እናትህ ያውቃሉ፣ ወንድምህ ያውቃል፣ አልጋህን የምጋራው እኔ ግን አላውቅም።

ከወለድኩ በዘጠነኛው ቀን ሞትክ። አራስ መርዶ አይነገራትም፣ ትደነግጣለች፣ ጡቷ ይደርቃል አሉ። ወጉን አውቀዋለሁ፣ እኔም ለሌላ ሴት እንዲህ ሲደረግ አይቼ አፌን ዘግቼ አውቃለሁ። ግን እንዲህ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እናትህ ከለቅሶ ሲመጡ ጥቁሩን በር ላይ አውልቀው፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው ነበር የሚገቡት። የተላጨ ፀጉራቸውን በሻሽ ሸፍነው ገንፎ ያጎርሱኝ ነበር። ዓይንዎ ምን ሆነ ስላቸው "ብርዱ ነው ልጄ፣ የበቆጂ ንፋስ" ይሉኛል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እንኳን ማርያም ማረችሽ እያሉ የገቡት ሴቶች ሁሉ ያንተን እርም አውጥተው የመጡ ነበሩ።

እሱንም እሺ፣ ወግ ነው ልበል። ያንተስ?

ስልክህ አይሠራም፣ ጅቡቲ ወርዷል አሉኝ። ከዚያ ድምፅህ መምጣት ጀመረ። "የኔ ቆንጆ፣ እቃው ወደብ ላይ ተይዟል፣ ሙቀቱ አይጣል ነው።" ሌላ ሳምንት ደሞ "ገመዱ እንዴት ወፍራም መሰለሽ፣ ክንድሽን ያክላል፣ ወንድሜን ምስማር አስገዢው።" እኔ ሞኟ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፣ ለልጅህ ጆሮዋ ላይ አድርጌ አሰማታለሁ፣ አባትሽ ነው እላታለሁ። የመጨረሻው ላይ "ለክርስትናዋ እደርሳለሁ፣ ጠብቂኝ" አልክ። በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን ሳይ፣ ያቺ ሕፃን በእጄ ላይ፣ ቄሱ ራሳቸው ዓይኔን ሸሹኝ።

በማግስቱ ማለዳ መጥተው አረዱኝ። ወንድምህ መሬት መሬት እያየ "እሱ ራሱ ነው ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ የቀዳው፣ በየሳምንቱ ላክላት ያለኝ" አለኝ። ደሬ፣ ሞተህ ዋሸኸኝ እኮ። ሰው በሕይወቱ ይዋሻል፣ አንተ ከመቃብር ሆነህ ምስማር ግዙ ትለኛለህ!

ቻርጀር የሚባለው ነገር ጭራሹኑ የለም፣ ለኔ የተፈጠረ ተረት ነው ብዬ ነበር። ባለፈው ሰኞ ግን አንድ ሰው ከአዳማ ደወለ፣ የመኪና ቻርጀር የሚገጥም ነው። "ባለቤትሽ ያዘዘው መጥቷል፣ ትወስጂዋለሽ ወይስ ለሌላ ልስጠው?" አለኝ። እሱ ቀጠለ፣ አዲስ አበባ ስትሄድ በሱ በኩል አልፈህ፣ መኪናዋ ኃይል መልሳ እንደምትሰጥ አስፈትሸህ፣ "እኔ ላልመለስ እችላለሁ፣ ከመጣ ለሚስቴ ደውልላት" ብለኸው ነበር። ለቻርጀር ሻጭ የነገርከውን ለኔ ደበቅከኝ። የሞትክ ዕለት ከሞትከው በላይ ያን ቀን ሞትክብኝ።

አልፈልግም ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ግን ሐሙስ ከሰዓት ያ የምታውቀው ዝናብ ወረደና መብራት ሄደ። ጫጩቶቹን የሚያሞቀው አምፖል ጠፋ። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ እየሞላሁ በመሃላቸው ባደርግም አልሆነም፣ ለመሞቅ አንዱ ባንዱ ላይ ተከመሩ፣ ከሥር ያሉት ታፍነው አለቁ። መኪናዋ ደሞ እዚያው ግቢ ዝናብ እየመታት፣ ባትሪዋ ሙሉ ሆኖ፣ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

መልሼ ደወልኩለት። መጥፎ መጥፎውን ብቻ ንገረኝ፣ ጥሩውን አልፈልግም አልኩት። ሳቀና ነገረኝ። መኪናዋ ቤቱን ስታበራ ቤቱ ከውጭው መስመር መቆረጥ አለበት፣ ያለዚያ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነውን ሰው ይገድላል፣ ስለዚህ ራሱ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ አብሮ ይገባል። ባትሪዋን አሟጠሽ ከተጠቀምሽ ቶሎ ትደክማለች። መኪናዋም መብራት ሊጠፋ በሚችል ሰዓት ግቢ መሆን አለባት፣ መኪና የሌለው ቻርጀር የግድግዳ ጌጥ ነው አለኝ። የሰው መግደሉን ስሰማ ይቅርብኝ ልለው ነበር። ግን ካንተ ቤተሰብ ውስጥ ማንም ያልነገረኝን ዓይነት እውነት ነው የነገረኝ፣ አምጣው አልኩት። እቁቤ ደርሶኛል።

ችግሩ ወንድምህ ነው። ቅዳሜ መኪናዋን ሊወስድ ይመጣል፣ ጎበሳ መስመር ሊሠራባት። ጫጩቶቹን ብነግረው "መኪና የተገዛው ዶሮ ሊጠብቅ ነው?" ብሎ ሰፈሩን አሳቀብኝ። ታላቅህ ነው፣ ሲቆጣ ድምፁ ያንተን ይመስላል፣ እፈራዋለሁ ደሬ። ጎረቤታችን አዴ ከዲጃ መላ ሰጡኝ፣ "ተበላሽታለች በይው፣ ትንሽ ሶባ ምን አላት" አሉኝ። ሶባቸው ውሸት ነው እንግዲህ። ትናንት ሙሉ ቀን ሳጠናው ዋልኩ፣ ባትሪዋ ተቃጥሏል፣ አትነሳም፣ ዕቃ ይመጣላታል። ዕቃ ይመጣላታል የሚለው ላይ ስደርስ የገዛ አፌ ያንተን አፍ መሰለኝና አቆምኩ።

አልዋሸውም። ቅዳሜ ሲመጣ ልጅህን አዝዬ በር ላይ እጠብቀዋለሁ፣ ጋሼ፣ መኪናዋ አትሄድም፣ እዚሁ ናት፣ የኔና የልጄ ናት እለዋለሁ። ይጮሃል፣ ይጩህ። ማልቀሴ አይቀርም፣ እያለቀስኩ እለዋለሁ።

አንተን አልረሳህም፣ እሱን አትስጋ። ግን ለቀስተኛ እንደሚያወራው ደግ ደጉን ብቻ አላስታውስህም። ስትስቅ ትከሻህ ሲነቃነቅ አስታውሳለሁ፣ የዋሸኸኝንም አስታውሳለሁ፣ ሁለቱንም ለልጅህ እነግራታለሁ። ይቅር አላልኩህም ገና። ልል እፈልጋለሁ፣ ግን ጡቴ እንዳይደርቅ ብለህ የሄድክበትን መንገድ ሳስበው፣ ጡቴ አልደረቀም፣ ሌላ ነገር ነው የደረቀው።

ሚስትህ