በኳንዛ ቀን የተጠራው ስም

ታምሬ፣

በደብዳቤ ወግ ቢሆን ጤናህን ጠይቄ ነበር የምጀምረው። አንተን ግን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሌላ ገና መጣ። የፈረንጆቹን ማለቴ ነው፤ በዚህ በደቡብ አፍሪካ ዝናብና ነጎድጓድ በሚበዛበት ወር የሚመጣውን፣ አንተ «ገና በክረምት፣ አይ ጉድ» እያልክ የምትስቅበትን።

ስለ ቤታችን ልንገርህ። ሱቃችን የነበረበትን ቶኮዛን ለቅቀን ጀርሚስተን ከተማ መሃል፣ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ይዘናል። ከሱቃችን የተረፈው ባለ መስታወት በሩ ትልቁ ፍሪጅ ብቻ ነው። መሥራት አቁሟል፤ ግን መጣሉ አልሆነልኝም። የሶስናን የትምህርት ቤት ልብስ እያጣጠፍኩ እደረድርበታለሁ፤ እንግዳ የመጣ ሁሉ አይቶት ይስቃል። እኔ ከአንዲት የሆሳዕና ልጅ ጋር ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ሶስና አሥር ዓመት ሞላት፤ በቁመቷ ወደ አንተ ወጥታለች። አማርኛዋ ግን እየሳሳ ነው፣ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። አንተ ከሞትክ ወዲህ ስለ አንተ አንስታ አታውቅም። እኔም ቁስሏን እንዳልነካባት ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ክፍል ውስጥ እያደርን ስምህን ሳንጠራ ከረምን።

የምጽፍልህ ግን በኳንዛ ቀን የሆነውን ልነግርህ ብዬ ነው። ኳንዛ የጥቁር አሜሪካውያን በዓል ነው። የሶስና አስተማሪ ሚስ ሎሬታ ከአሜሪካ መጥታ እዚሁ የቀረች ሽበታም ሴት ናት፤ እሷ ናት ያስረዳችኝ። ከገና ማግስት ጀምረው እስከ አዲስ ዓመታቸው ድረስ ሰባት ቀን፣ በየቀኑ ሻማ እየለኮሱ ያከብሩታል። ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት ከአፍሪካ ሲወሰዱ ቋንቋቸውም ስማቸውም ጠፍቶባቸዋል፤ ልጆቻቸው ከየት እንደመጡ እንዳይረሱ ብለው ያወጡት በዓል ነው አለችኝ። ዘንድሮ በሰፈሩ አዳራሽ ከየአገሩ የመጣውን ሰው ሰብስባ ልታከብረው ነው። ሶስና የመጀመሪያውን ሻማ እንድትለኩስ መርጣታለች።

የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ሲሰማ ደስ አላለውም። የሙታን ስም በሚጠራበት ቦታ አማኝ ምን ይሠራል አለኝ። እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከሚዘምሩት መካከል ከቶኮዛ የሚመጡ ሴቶች አሉበት፤ ያውም ከእኛው መንገድ። አንተን ካጣንበት ቀን ወዲህ ያንን ሰፈር ረግጬው አላውቅም። ልቀር ነበር። ነገር ግን ሶስና ለበዓሉ የምትለውን ቃል መስኮቱ ጋ ቆማ ጮክ ብላ ስታጠና ሰማኋት። ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፅዋ ሲወጣ ስሰማ አንጀቴ አልቻለም፤ ሄድን።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የጎማ ቦት ጫማ ያደረጉ ወንዶች ጫማቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ሲጨፍሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ኮንጎዎቹ ጊታር ተጫወቱ። የእኛም ወጣቶች የወላይታ ጭፈራ ይዘው ወጡ፤ ያ ሁሉ ሰው ተነሥቶ እንደነሱ ወገቡን ሊያወዛውዝ ሲሞክር ብታይ። መድረኩ ላይ ሰሌን ተነጥፎ በቆሎና ፍራፍሬ ተደርድሮበታል፤ ሻማዎቹም ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ናቸው። ሶስና ወጥታ ለኮሰችና በጠራ ድምፅ «ኡሞጃ፣ አንድነት» አለች። ሰው አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ቃሉ ግን መረረኝ። የውጭ አገር ሰው ከዚህ ይውጣ የሚል ወረቀት ከአዳራሹ አጥር ላይ ተለጥፎ አይቼ ነው የገባሁት።

ከዚያ ሚስ ሎሬታ ውሃ የሞላ ጽዋ ይዛ፣ በማሰሮ ከተተከለ አንድ ችግኝ ፊት ቆመች። ሰው የሞተበት ሁሉ እየተነሣ ስም ይጠራል፤ እሷ በእያንዳንዱ ስም ጥቂት ውሃ ችግኙ ላይ ታፈስሳለች፤ ሕዝቡ «አሼ» ብሎ ይመልሳል፤ ይሁን እንደ ማለት ነው። አንዱ እናቱን፣ ሌላዋ ወንድሟን ጠሩ። እኔ ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ።

ከዘማሪዎቹ መካከል አንዲት አሮጊት በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆሙ። ያን ጊዜ ነው ያወቅኋቸው። ጎጎ ኖምሳ ነበሩ፤ የሰፈሩ ሁሉ አያት፣ ከሱቃችን ፊት ለፊት ያሉት፣ በየጠዋቱ ዳቦ ሲገዙ እንደ ሰፈሩ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» እያሉ የሚጠሩህ።

«ሁለት ሰው እጠራለሁ» አሉ። «አንደኛው ባለ ሱቅ ጎረቤቴ ነው። ስሙን ጠይቄው አላውቅም፤ ማይ ፍሬንድ ነበር የምለው። ሁለተኛዋ ደግሞ እሱ ሲሞት የጠራት ሰው ናት። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ስሟ ውሃ ነው።»

ሚስ ሎሬታ አፈሰሰች። አዳራሹ በሙሉ «አሼ» አለ።

ሶስና እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። አማርኛዋ ቢሳሳም ያንን ቃል አታጣውም።

ታምሬ፣ ያን ቀን ሶስና አተኩሷት ክሊኒክ ይዣት ነበር። ስደርስ ተሸፍነህ ነው ያገኘሁህ። ዘራፊዎች በሱቁ መስኮት ብረት መሃል ተኩሰውብህ እንደሄዱ፣ አንተም ወዲያው እንዳለፍክ፣ ምንም እንዳልተሰማህ ነው የተነገረኝ። ገዳዮችህ እስከ ዛሬ አልተያዙም። እኔ ግን ቢያንስ አልተሰቃየም እያልኩ በዚያች ቃል ተደግፌ ኖርኩ።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ጎጎ ሶስናን አይተው አወቋትና አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ዙሉውንም እንግሊዝኛውንም እየቀላቀሉ ነገሩኝ። ተኩሱ ሲሰማ የመንገዱ በር ሁሉ ተዘጋ። እሳቸው ወጡ። ራስህን ጭናቸው ላይ አድርገው አምቡላንስ ጠበቁ፤ ቶሎ አልመጣም አሉ። ከደንበኛ ጋር ስትቀልድበት የኖርከው ዙሉ ሁሉ ከአፍህ ጠፍቶ፣ በእኔና በአንተ ቋንቋ ያንን አንድ ቃል ብቻ ትደጋግም ነበር። እሳቸው ደግሞ የምትጠራው ሰው መስሏቸው «ትመጣለች፣ እየመጣች ነው» እያሉ ፊትህን ዳበሱህ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ለምትባል ሰው ሳይጸልዩ የዋሉበት እሑድ የለም።

ሲጨርሱ ትክ ብለው አዩኝ። «ውሃ ማን ናት? አንቺ ነሽ?»

የግቢያቸው ቧንቧ ከሱቃችን ደጃፍ ይታያል። የእኛ ሲቋረጥ ከእሳቸው ነበር የምንቀዳው፤ አንድም ቀን ከልክለውን አያውቁም። አንድ ኩባያ ነበር የፈለግከው። እውነቱ አፌ ድረስ መጣ። እኔ ብቻዬን ለምን እቃጠላለሁ፣ እሳቸውም ይወቁት አልኩ በልቤ። ወዲያው ደግሞ ፊትህን የዳበሱበትን እጃቸውን አየሁት። ያ ሁሉ ሰው በሩን ሲዘጋብህ የወጡት እኚህ ብቻ ናቸው። ይህን ነግሬያቸው ነገ ጠዋት ያንን ቧንቧ እንዴት አድርገው ይከፍቱታል?

«አዎ፣ ጎጎ» አልኳቸው። «ስሜ ነው።»

አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። «እየመጣች ነው ብዬ የማላውቀውን ነገር ነገርኩት፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። ያንተንም ስም ጠየቁኝ። ታምራት ይባላል ስላቸው ምላሳቸው እምቢ እያለ «ታምላት፣ ታምላት» ሲሉ ቆዩ።

ከሶስና ጋር በታክሲ ተመለስን። ጀርሚስተን ልንደርስ ስንል «ማሚ፣ ዳዲ ጠምቶት ነበር?» አለችኝ በአማርኛ።

«አዎ» አልኳት።

ፊቷን ጉያዬ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች፤ ሹፌሩ ዘፈኑን ቀነሰልን። በማግስቱ ስለ አንተ ትጠይቀኝ ጀመር። እንዴት እንደምትስቅ፣ ምን ዓይነት መዝሙር እንደምትወድ፣ ዱራሜ ስላለው ቤታችሁ። የማውቀውን ሁሉ እነግራታለሁ። ከዚህ በላይ መጽናኛ አገኘሁ ብዬ አልዋሽህም። አሁን ቶሎ እንዳላለፍክ አውቄያለሁ፤ ይህን ማወቅ አይለቀኝም።

ጎጎ እሑድ እሑድ ከጸሎት ሲመለሱ ይደውሉልኛል። «ሳውቦና፣ ማ ውሃ» ብለው በዙሉ ሰላም ይሉኛል፤ እማማ ውሃ እንደ ማለት ነው። ሶስና የምመልሰውን ለመስማት ፊት ፊቴን ታያለች። እኔም አቤት እላለሁ። አንተ ስትጣራ አልደረስኩም፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ግን በዚህ ስም በተጠራሁ ቁጥር አቤት እላለሁ።

ትርሲትህ