ሳይኮሎጂው ያንቺ፣ የወንጀል ጥናቱ የኔ

ለምወድሽ ለእታለሜ፤

ካንቺ ወዲህ አንድ ክረምት ገብቶ ወጣ። ወጣ ይባላል እንጂ ከቦንጋ ዝናብ የት ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስከ በራችን ይመጣል፤ ባጃጆቹ መብራታቸውን አብርተው ቀስ እያሉ በውስጡ ያልፋሉ። አንዷ በራችን ላይ ስትቆም ዛሬም ከዩኒቨርሲቲ የተመለስሽ ይመስለኛል።

እማዬ ልብሶችሽን አጥባ ሳጥን ውስጥ ከታቸዋለች። አባዬ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰማው፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም። እኔ አሁንም የምተኛው በግድግዳው በኩል ነው። ያንቺን ቦታ አልነካውም።

አንቺ ሳይኮሎጂ ስትማሪ እኔም አብሬሽ የተማርኩ ያህል ነው የሚሰማኝ። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ባቋርጥም፣ ጎመን ስቀነጥስ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ታነቢልኝ ነበር። እንግሊዝኛውን በአማርኛ፣ አማርኛው ሲከብደኝ በቋንቋችን በካፊኖኖ ትነግሪኛለሽ። ሰው ለምን ይፈራል፣ ለምን ይዋሻል፣ ለምን የሰው ይወስዳል።

ለወንጀል ጥናት ኮርስሽ ጥፋት የሠራ ሰው አነጋግሪ ተብለሽ ጋሽ ወልዴ ቤት የሄድነው ትዝ ይልሻል? ከሰው ቀፎ ማር ቆርጠው ሽማግሌ ፊት የቀረቡት ጎረቤታችን። ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ዘበኛ የለውም፤ የሚጠብቀው የባለቤቱ ስም ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ የማር ሌባ መባል ከባድ ነው። ጥያቄዎችሽን ሁሉ ጠየቅሻቸው፤ አንዱንም አልመለሱ። እኔ የማደርገው ቢጠፋኝ አብሬያቸው በቆሎ መፈልፈል ያዝኩ። ብዙ ቆይተው፣ በቆሎውን እያዩ ተናገሩ። ዛፉ የሟች ወንድማቸው ነበር፤ በየዓመቱ አብረው ይወጡበት ነበር። ልጆቹ ከነቀፎው ለሌላ ሰው ሸጡት። ማሩ ሲደርስ ጋሽ ወልዴ ብቻቸውን ወጡ፣ እላይ ተቀምጠው አንድ እፍኝ በሉ፣ ወረዱ። አልተደበቁም። ሽማግሌዎቹ አዲስ ቀፎ ሠርተው ለገዢው እንዲሰቅሉ ፈረዱባቸው፤ ሰቀሉለት።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሳቅሽብኝ። «ይቺ ዝምታሽ ሰው ታናግራለች፣ አንቺ ተንኮለኛ!» አልሽኝ። ቀልዱ እዚያው ቁም ነገር ሆነ። ሳይኮሎጂው ያንቺ፣ የወንጀል ጥናቱ የኔ። እኔ ትምህርቴን ልቀጥል፣ ዩኒቨርሲቲ ልደርስብሽ፣ አንድ ቢሮ ልንከፍት።

ከዚያ ሕመም ወሰደሽ። ያኔ ለጋሽ ወልዴ አዘንኩላቸው እንጂ አልገቡኝም ነበር። አሁን ገብተውኛል።

ዋጫ ከተማ ያለችው አክስታችን ሱቋን እንድጠብቅላት ከአባዬ ጋር ተነጋግራ ጨርሳ ነበር። ሰው ፊት ቀና ብላ ለማታወራ ልጅ ትምህርት ምን ያደርግላታል ብላለች። ለሱቅስ አፍ አያስፈልግም ወይ ልላት ፈልጌ ሳልናገር ቀረሁ። የትምህርት ቤት ምዝገባ ደግሞ ሰኞ ያበቃል።

ሰሞኑን አንድ ሕልም ይመላለስብኛል። አንቺና እኔ ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። በወንበሮቹ መሃል ዛፎች በቅለዋል፤ ንቦች ከመስኮት መስኮት ይመላለሳሉ፤ ማንም አይገረምም። መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ ወደኔ ያያል። መልሱን አውቀዋለሁ። እነሣለሁ፤ ድምፄ ግን የለም። አንቺን ሳይ ወደ መስኮቱ ዞረሻል፣ አትመልሺልኝም።

ዛሬ ጠዋት አባዬ ጫማውን ሲያስር ፊቱ ቆምኩና ዘጠነኛ ክፍል መግባት እፈልጋለሁ አልኩት። አንዱን እግር እንዳሰረ ቀረ።

«የእህትሽ ምኞት ነው የራስሽ?» አለኝ።

አንገቴን ቀና አደረግኩ።

«የሁለታችን ነበር» አልኩት፤ «አሁን የኔ ነው።»

ስልኩን አወጣና ዋጫ ደወለ። ሌላ ልጅ ፈልጊ፣ ይቺ ትማራለች አላት። አክስቴ ስትጮህ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። አባዬ ስልኩን ዘጋና ሁለተኛውን ጫማ ሳያስር ወደ ሥራ ሄደ።

እታለሜ፣ ከዘጠነኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ነው። መድረሴን አላውቅም። አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሻለሁ። አዲሱ ክፍል ውስጥ እህት አለሽ ወይ ብለው የጠየቁኝ እንደሆነ አንገቴን አልደፋም። አለችኝ እላለሁ፤ ስምሽንም የኋላው ወንበር ድረስ በሚሰማ ድምፅ እጠራዋለሁ።

ታናሽሽ