ዶክተር ገብረየስ እንዳይጨፍሩ

ነሐሴ 24
ዝናብ። ከላምበረት ታክሲ ጠፍቶ አርፍጄ ገባሁ። ወዲያው ወይዘሮ የሺመቤት ቢሮ ተጠራሁ። የክሊኒኩ ባለቤት ናቸው፤ ሰው ለሻይ አይጠሩም። አለቀልኝ አልኩ...
«ማኅደር፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥደሽ ትውያለሽ አሉ።»
ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።
«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የክሊኒኩን የፌስቡክ ገጽ አንቺ ያዢው።»
ቅጣት ነው እድገት? ብቻ ከካርድ ክፍል ወጣሁ።
ገጹን አየሁት። የገና መልካም ምኞት፣ የረመዳን፣ የፋሲካ፣ የአረፋ... ሁሉም ላይ አበባ፣ አበባው መሀል ወይዘሮ የሺመቤት። ስንት ሰዓት እንደምንከፍት እንኳ የለም። ክሊኒክ ነን የፖስት ካርድ መደብር?

ነሐሴ 27
ማዶ የተከፈተው ክሊኒክ ነርሶች ቲክቶክ ላይ ይጨፍራሉ። ደጃቸው ሰልፍ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ቪዲዮውን አፍንጫዬ ሥር ደቅነው «የኛ ዶክተር እጅ እግር የለውም?» አሉኝ።
ዶክተራችን ገብረየስ ናቸው፣ የሕፃናት ሐኪሙ። ሹራባቸውን በግንቦት ሙቀት እንኳ የማያወልቁ ሰው። ሄጄ ነገርኳቸው። በመነጽራቸው አናት አዩኝ።
«እኔ በሠርጌ ቀን አልጨፈርኩም።»
«አውቃለሁ ዶክተር፣ ግን...»
«የምጨፍረው መልቀቂያዬን አስገብቼ ነው።»
ቀልድ አያውቁም። ከለቀቁ ለቀቁ ነው። የእህቴን ልጅ ከሳንባ ምች ያተረፉት እሳቸው ናቸው። ቢሄዱ የሰፈሩን ሕፃን ማን ሊያየው ነው?
ወይዘሮ የሺመቤትን ለመንኩ። እስከ መስቀል ጊዜ ሰጡኝ። እስከዚያ ገጹ ታካሚ ካላመጣ፣ የእህታቸው ልጅ አብኔዘር፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጸው፣ ካሜራውን ይዞ ይመጣል።

ጳጉሜን 5
የአዲስ ዓመት ምኞት ለጠፍኩ። ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝማ! አደይ አበባ፣ መሀሉ ላይ ማን እንዳሉ ይታወቃል። መልስ መጻፍ ስለሰለቸኝ ገጹ ራሱ እንዲመልስ አደረግኩት። ማንም ምንም ቢጽፍ «እንኳን አብሮ አደረሰን! ዓመቱ የጤና ይሁንልዎ!» ይለዋል። እንዴት ያለሁ አራዳ ነኝ...

መስከረም 1
ዶሮ። እንቅልፍ። ስልክ አልነካሁም።

መስከረም 2
ጉድ ሆንኩ።
ፈዲላ የምትባል እናት ከቡልቡላ በበዓሉ ቀን ጽፋልናለች።
«ልጄ ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ዛሬ ክፍት ናችሁ?»
«እንኳን አብሮ አደረሰን! ዓመቱ የጤና ይሁንልዎ!»
«ክፍት ናችሁ ወይ ነው ያልኩት!»
«እንኳን አብሮ አደረሰን! ዓመቱ የጤና ይሁንልዎ!»
«ኧረ ልጁ እየደከመብኝ ነው!»
«እንኳን አብሮ አደረሰን...»
መልሱን ፎቶ አንስታ የኮንዶሚኒየማቸው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ከዚያማ አገር አዳረሰው። በር ላይ ጥበቃችንን ጋሽ ገሰሰን «እንኳን አብሮ አደረሰን!» ያላላቸው አላፊ አግዳሚ የለም። እሳቸውም ነገሩን ሳያውቁ ለሁሉም ቆባቸውን ያነሳሉ። ታክሲ ውስጥ ሰው ሲያወራው እየሰማሁ መጣሁ። ሁሉም ይስቃል። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ልጁስ?

መስከረም 3
ለዶክተር አሳየኋቸው። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «ሕፃኑ እንዴት ሆነ?» ብቻ።
«አላውቅም።»
«ደውዪ።»
ደወልኩ። 
«አሁንስ ሰው ነሽ ወይስ ማሽን?» አለችኝ ፈዲላ።
«ሰው ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»
ሆስፒታል ወስዳው ተሽሎታል። ተመስገን! ዶክተር ስልኩን ነጠቁኝ። «ሲያለቅስ እንባ አለው? ሽንት ይሸናል? ምን ሰጥተሽው ነበር? ለስላሳ?! ማነው ለስላሳ ስጪ ያለሽ!» ሲጮሁ ጋሽ ገሰሰ ከበር ሮጠው መጡ። በኋላ ግን ቀስ ብለው በውሃ ስለሚበጠበጠው ኦአርኤስ አስረዷት። ስትሰናበት ምን አለች? «ዶክተር፣ ይህን ለሌላዋም እናት በነገሩልን።»
እኔ እንደሆንኩ ዶክተሩ ይጨፍራሉ ወይስ አይጨፍሩም ስል ነው የከረምኩት። መናገር እንደሚችሉ ማን አስታወሰኝ?

መስከረም 6
የዶክተርን የድምፅ መልእክት ቀዳን። ቅድመ ሁኔታ አላቸው። የማንም ልጅ ስም አይጠራም፣ በስልክ መድኃኒት አይታዘዝም፣ ሙዚቃ የለም። «ሄሎ... ሄሎ... ይሰማል?» ብለው ጀመሩ። መሀል ላይ፣ «ልጁ ሲያስቀምጠው ለስላሳ የምትሰጪው... አዎ፣ አንቺን ነው!» ቀጥሎ ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባው ከደረቀ ዛሬውኑ አምጪው፣ ነገ አትበይ አሉ። ሲጨርሱ «የተቆጣሁበትን አጥፊው» አሉኝ።
አላጠፋሁትም፤ እንዳለ ገጹ ላይ ለጠፍኩት። የምንከፍትበትን ሰዓትም አብሬ ጻፍኩ። ያንን ማሽንም ነቀልኩት። ከዛሬ ጀምሮ መላሿ እኔ ነኝ።

መስከረም 11
«የሚቆጡት ዶክተር እዚህ ናቸው?»
ጠዋት ይህን ያላለ የለም። አንዷ «አንቺን ነው ሲሉ እኔን መስሎኝ መጣሁ» አለች። ሌላዋ በር ላይ ለስላሳውን ከቦርሳዋ አውጥታ ለጋሽ ገሰሰ ሰጠች። ጠጡት።

መስከረም 15
ወይዘሮ የሺመቤት ወደ መጠበቂያው ክፍል ወረዱ። መቀመጫ አጥተው ቆሙ። ደስ አላቸው ብዬ... «በዚህ ላይ ቢጨፍርበትማ!» አሉ። አብኔዘር ከመስቀል ማግስት ይመጣል። ወይ ጣጣ!

መስከረም 18
አብኔዘር መጣ፤ ካሜራ፣ መብራት፣ ሁሉንም ተሸክሞ። ዶክተር አንድ ወረቀት ጽፈው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠዋል። መልቀቂያቸው መሆን አለበት።
በዚህ መሀል ፈዲላ ከች አለች። ልጇን ክትባት ልታስከትብ ከቡልቡላ ሁለት ታክሲ ይዛ። «እዚያ ቅርብሽ የለም?» አልኳት። «እንደዚያ የሚቆጡ የሉም» አለችኝ። ወይዘሮ የሺመቤት አጠገባችን ቆመው ሰሙ።  ወደ ካሜራው ዞረው «አብኔዘር፣ መብራቱን አጥፋ» አሉ። «ሰዉ የሚመጣው ለቁጣው ነው። ይቆጣልን።»
ልነግራቸው ሮጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። የፈዲላ ልጅ መርፌውን አይቶ ቤቱን በጩኸት ሞልቶታል። ዶክተር ገብረየስ ፊቱ ቆመው... እስክስታ ይመታሉ! ሹራባቸው አንገታቸው ድረስ ወጥቷል፣ በአፋቸው ከበሮ ይደልቃሉ። ልጁ እንባውን ሳይጠርግ ይስቃል።
«ምን አለ ውስጥ?» አለ አብኔዘር ከኋላዬ።
«ሕፃን እየታከመ ነው» አልኩትና በሩን ዘጋሁት።
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።