ውሃን ከእሳት የለዩት ብረት አቅላጭ፤ የአቶ ወልደየሱስ ዳዳቻ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወልደየሱስ ዳዳቻ ከአባታቸው ከአቶ ዳዳቻ ጎሊቻና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንኪቱ ጉራቻ በቦረና አውራጃ፣ ከነገሌ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የከብት አርቢዎች መንደር በ1926 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እየቀዱ ከብት ያጠጡ ነበር።

በ1936 ዓ.ም. ነገሌ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ በዚያም ሳሉ ክርስትና ተነሥተው ዛሬ የምንጠራቸውን ስም አገኙ። ከዚያም በነገሌው ጦር ሰፈር የመኪና ጥገና ክፍል በብየዳ ሠሩ። በ1947 ዓ.ም. ከወይዘሮ በዛብሽ ሙሉነህ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሮማነወርቅን፣ ኃይሌንና እሸቱን ወለዱ።

በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ አጠገብ በሚገኝ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ተቀጠሩ። የፋብሪካው ምድጃ እንጨትም ነዳጅም አይፈልግም። ከሰው ቁመት የሚበልጡ ሦስት የከሰል ምሰሶዎች ከላይ ይወርዳሉ፤ ኤሌክትሪኩ ከምሰሶዎቹ ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ ሲዘል እንደ መብረቅ ያጓራል፤ ወለሉም ይንቀጠቀጣል። ከሦስት ሰዓት በኋላ የተሰበረው ማረሻ፣ የተገለበጠው መኪና፣ የጦርነት ዘመን ቅሪት ሁሉ አንድ ነጭ ፈሳሽ ይሆናል፤ ያለ ጥቁር መነጽርም ዓይን ሊያየው አይደፍርም። ይህን ያየ ሰው ለሰው ልጅ እጅ የተሰጠው ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ ይረዳል።

አቶ ወልደየሱስ ወደ ምድጃው የሚገባውን ብረት ይመርጡ ነበር። ብረት ውስጥ የታፈነ ውሃ ከፈሳሹ ጋር ከተገናኘ በቅጽበት ይፈነዳልና የሠራተኛው ሁሉ ሕይወት በእሳቸው ዓይን ላይ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ክረምት፣ ብረት የሞላው ቅርጫት በክሬን ተሰቅሎ ሲሄድ፣ ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቧንቧ አይተው አስቆሙ። የፈረቃው አለቃ ተቆጡ፤ "እናንተ የቆላ ሰዎች ውሃ ከመናፈቃችሁ የተነሣ በሌለበትም ይታያችኋል! ልቀቅ፣ አለዚያ ከሥራ ትሰናበታለህ" አሉ። የሦስት ልጆች አባት የሆኑት አቶ ወልደየሱስ ግን፣ "ጌታዬ፣ እኛ አገር ውሃ ሲጠፋ ከብት ይሞታል፤ እዚህ ውሃ ሲገኝ ሰው ይሞታል። ይቆረጥ፤ ባዶ ከሆነ እኔው እሄዳለሁ" ብለው ከቅርጫቱ መንገድ ላይ ቆሙ። ቧንቧው ሲቆረጥ ሁለት ጣሳ የሚሞላ ዝገታም ውሃ ፈሰሰ። አለቃው በማግሥቱ፣ ያለ አቶ ወልደየሱስ ፈቃድ ቅርጫት እንዳይነሣ አዘዙ። እሳቸው ግን ያን ዕለት ማታ ለቤተሰባቸው የነገሩት "ዛሬ አንድ ቧንቧ ቆረጥን" ብቻ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም አድሮባቸው በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ፤ ከዚያም ወደ አገራቸው መመለስ ስለፈለጉ የሥራ ባልደረባቸው አቶ ዓብዱልመጂድ ደግፈው እስከ ነገሌ አመጧቸው። ጥር 18 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው ዐረፉ።

እናታቸው ወይዘሮ ዲንኪቱ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ በዛብሽና ሦስት ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። የቧንቧውን ታሪክ ለቤተሰቡ የገለጡት አቶ ዓብዱልመጂድ ያን ቀን ከምድጃው አፍ አንድ እርምጃ ላይ ቆመው ነበር። ከዚያ ወዲህ የወለዷቸው ልጆች ስም ከሐዘንተኞቹ ጋር እንዲነበብላቸው ለምነዋልና እነሆ እናነባለን፦ ኑሪያ፣ ሸምሱ፣ ዙበይዳ።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ አሜን።