እህቴ ከመስታወቱ ወዲያ የምሯን ታማለች

ለተከበሩ የትያትርና ክዋኔ ጥናት ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

የዛሬን ብቻ ይመኑኝ፣ በሚወዱት ይሁንብዎ፣ ያምናውን ይርሱትና የዛሬን ይመኑኝ። የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ የልጆችዎን ጤና እግዜር ይጠብቅልኝ፤ የእህቴን ግን እርስዎ ስለቆለፉበት እግዜርንም ሳያስቸግረው አልቀረም። ስልክ ስለማያነሱ ነው ይሄን ቢሮዎ በር ላይ የለጠፍኩት፣ ያለፈ ያገደመ አንብቦ ይንገርዎት።

እኔ ላውንደሪ ቤት ልብስ የምተኩስ ነኝ፣ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የማስተርስና የዶክትሬትን ልዩነት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፦ ለማስተርስ ታምሜያለሁ ብሎ ማስመሰል ነው፣ ለዶክትሬት የምር መታመም ነው።

1ኛ. አምና ለማስተርሷ አዳራሽ ውስጥ ስትወድቅ እውነት መስሎኝ ጮኼ አምቡላንስ ስጠራ፣ «የኔ እህት፣ ጥበብ እኮ ነው» ብለው ውሃ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።

2ኛ. አሁን ደግሞ ለዶክትሬት መግቢያዋ፣ ሰው በሽተኛን ቆሞ እንዴት እንደሚያይ ላጥና ብላ፣ መለማመጃ ክፍል ውስጥ አልጋ ተዘርግቶላት ከመስታወት ወዲያ ተኝታለች። ራሷ ካላንኳኳች በሩ አይከፈትም፣ ሳታንኳኳ ከተከፈተ ምዝገባዋ ይሰረዛል ብላችኋል፤ ደንባችሁ ያምራል፣ እጇን ማንሳት ያቃታት ሰው በምን እንደምታንኳኳ ብቻ ነው የረሳችሁት።

3ኛ. ከጠዋት ጀምሮ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። እህቴ ለተመልካች ጀርባ አይሰጥም እያለች እኔን እንኳን እቤት ስንቴ «ዙሪ አንቺ!» ብላኛለች። ስታስመስል ታቃስታለች፣ የምር ሲያማት ግን ድምጿ የለም፣ ከልጅነቷ እንዲያ ናት። ገምጋሚዎችዎ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው «ደፋር ምርጫ ነው» እያሉ ይጽፋሉ። አንዷማ አለቀሰች፤ እንባዋ አልጠቀመኝም እንጂ አመሰግናታለሁ።

4ኛ. ጥበቃውን ጋሼ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ፣ «አንቺ ልጅ፣ ያምናው አልበቃሽም? ያለ ኃላፊው ቃል አልከፍትም» አለኝ። አምቡላንስም መጥቶ ነበር፣ እሱው ትያትር ነው ብሎ ስቆ ሸኛቸው፣ እነሱም በመስታወቱ አይተው አድንቀው ሄዱ። ወንበር አንስቼ መስታወቱን ልሰብር ስል ተማሪዎች ያዙኝ፤ ገምጋሚዎቹ «ቤተሰብም ክዋኔው ውስጥ ገባ» ብለው አጨበጨቡልኝ፣ ከዚያ ግን አስወጡኝ።

5ኛውን ረሳሁት።

ለእውቀትዎ ጥልቀት፣ ለትዕግስትዎ ስፋት፣ ለእንቅልፍዎም ሰላም ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
ዶክተር ልታደርጓት የያዛችኋት ልጅ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ ምዝገባዋን ሰርዙት፣ እኔ አስከፈትኩት በሏት፣ ዕድሜ ልኳን ታኩርፈኝ፣ ለማኩረፍም መኖር አለባት። ከሞተች በኋላ ጎበዝ ነበረች ብለው እንዳይመጡብኝ፣ ጎበዝ መሆኗን እኔ ከእርስዎ በፊት አውቃለሁ። ከእርስዎ የምፈልገው «ክፈቱ» የሚል አንድ ቃል ነው፣ ለጥበቃው በስፒከር አሰማዋለሁ። ቁጥሬን ከታች ጽፌዋለሁ፤ እባክዎ ሳይመሽ ይደውሉልኝ።