ተቀምጣ ሳለ «ቆሟል» ስለተባለችው ልጄ

ለተከበሩ አቶ ተክለጻድቅ፣
የልጄ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርና የአዲሱ ስክሪን ዋና ተመልካች
ዲላ

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ዓይንዎስ? አርባ ሁለት ተማሪ በአንድ ጊዜ የሚከታተል ዓይን የከተማው ሀብት ነውና ፈጣሪ ይጠብቅልን።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ሀዲጃ ሰይድ በኮምፒውተር በሚሰጠው የፊዚክስ ፈተና ላይ ሳለች ለአርባ ሰከንድ ማውሷን ሳትነካ መቆየቷን ለጌዴኦ ዞን ነዋሪ በሙሉ በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ልጅቷ ታስብ ነበር። ሰባተኛውን ጥያቄ በእርሳስ ወረቀት ላይ እየሠራች ነበር። አስተዳደጓን በተመለከተ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቅሬታዎቼ እነሆ፦

1. ተማሪ እጁ ሲያርፍ ቢሮዎ ባለው ስክሪን ላይ ከስሙ ጎን «ቆሟል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ልጄን ወንድ ማድረጉን አልፌዋለሁ። ፕሮግራሙ ለማለት የፈለገው መልስ መስጠት አቁሟል ነበር፤ እርስዎ ግን ከወንበሯ ተነሳች ብለው በድምፅ ማጉያ «ሀዲጃ ሰይድ፣ ቁጭ በይ» አሉ። «ቲቸር፣ ተቀምጫለሁ እኮ» አለች። ድምፅ ማጉያ ጆሮ የለውም። ስክሪኑ ስላለ መምህር አያስፈልግም ተብሎ መምህርት ሮማነወርቅ ከክፍሉ እንዲወጡ ስለተደረገም የሚመሰክርላት አልነበረም። ሁለተኛ ሲያዟት ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ሦስተኛ ሲያዟት ከዚህ በላይ መቀመጫ ስላጣች ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከወለል ደግሞ ማውሱ አይደረስበትም፤ ስክሪኑም እንደገና «ቆሟል» አለ።

2. ጥቂት ቆይቶ የክፍሉ ዋይፋይ ሲቋረጥ አርባ ሁለቱም ተማሪዎች በአንድ ጊዜ «ቆሟል» ተባሉ። እርስዎም አመፅ ተነሳ ብለው ጥበቃውን ጋሽ ባልቻን ዱላ አስይዘው ላኩ። ጋሽ ባልቻ በሪፖርታቸው «ስደርስ ሁሉም ተቀምጠዋል፤ ሳይፈሩኝ አልቀሩም» ብለዋል። የምስጋና ወረቀት እንደተሰጣቸው ሰምቼ እጅግ ኮርቻለሁ።

3. ልጄ በፈተናው ሰዓት አንድም ጊዜ አልቆመችም፤ ሆኖም «በተደጋጋሚ በመቆም» ተብሎ ዜሮ ተሰጣት። ውጤት የሚዘጋው ዓርብ ነው። ይህ ዜሮ ከጸደቀ ፊዚክስ ይጥላታል፤ በመጪው ዓመት ተፈጥሮ ሳይንስ መግባቷም ይቀራል። የሠራችበትን ወረቀት መምህርት ሮማነወርቅ አይተውታል፤ የሰባተኛው መልስ ትክክል ነው።

4. አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ላስብበት ስል ቆመ እንዳልባል ተውኩት።

ቢሮዎንና ክፍሉን የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በበሩ ብቅ ብሎ የማየትን ከባድ ድካም ስላስቀሩልን ከልብ አመሰግናለሁ። ከዓርብ በፊት ግን ያቺን ወረቀት እንዲያዩልኝ፣ ዜሮውንም እንዲሰርዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህን ሁሉ ከወንበሬ ሳልነሳ የጻፍኩት ታዛዥዎ፣
ሰይድ ሙሐመድኑር
ለሚያስቡ ልጆች እርሳስና ወረቀት ሻጭ

ማረሚያ፦ በተራ ቁጥር ሦስት «አንድም ጊዜ አልቆመችም» ያልኩት ስህተት ሆኖ ስለተገኘ እንደሚከተለው ይታረም። ዋይፋዩ ተመልሶ፣ ልጄም ከወለሉ ወደ ወንበሯ ተመልሳ መልሷን ጨርሳ ከላከች በኋላ፣ ጥፋቷ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ እጇን አውጥታ ለአሥር ደቂቃ ያህል በእርግጥ ቆማ ነበር። በዚያን ጊዜ ስክሪኑ «ጨርሷል» ይል ስለነበር፣ ቁጭ በይ ያላት ሰው የለም።